በጊዮርጊስ ቀን የታጨደ ገብስ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዲያቆን ነበርኩ። ሚስት አግብቼ ጎጆ ወጥቻለሁ፤ ቅስና እንድቀበል የቀረኝ የሰበካው ሕዝብ ምስክርነት ብቻ ነበር። አገራችን ጉና ግርጌ ነው፤ ከደብረ ታቦር ማለዳ የተነሣ እግረኛ ለምሳ የሚደርስበት፣ ከገብስና ከድንች ሌላ እምብዛም የማይበቅልበት ብርዳም ስፍራ። የደብራችን ታቦት ጊዮርጊስ ነው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። በሰፈሩ ከአስተዳዳሪው ከአባ ይኄይስ ቀጥሎ መጽሐፍ የሚያውቀው እኔ ነበርኩ፤ ማወቄንም አውቀው ነበር። ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ወንጌሉን ከነአንድምታው ሰምቻለሁ። ሰው በሃይማኖት ነገር ሲከራከር "እስቲ ዲያቆኑ ይምጣ" ይባላል። ተጠርቼ ስሄድ፣ ሽማግሌ ሁሉ ቦታ ሲለቅልኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ክርስትና ያነሡኝ አቶ ውብሸት የሚባሉ ገበሬ ናቸው። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ሞቱ። ሚስታቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ግን "ውብሸት የተወልኝ ልጅ" እያሉ እንደ ወለደ ሰው ያዙኝ። ሰፈሩ እማ ባንቺ ይላቸዋል። ቅኔ ቤት ሳለሁ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባገኙ ቁጥር በሶ ቋጥረው ይልኩልኝ ነበር። ከአብራካቸው የወጣች አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ የሺ ትባላለች፤ ባል አግብታ ሐሙሲት ነው የምትኖረው። እሳቸው ብቻቸውን ጥማድ የማይሞላ ትንሽ ማሳቸውን በወንፈል እያሳረሱ፣ በወንፈል እያሳጨዱ ይኖራሉ። ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ እየተባለ በተራ የሚሠራው ሥራ ማለቴ ነው። እሳቸው ማጭድ ባይዙም ለሠራተኛው ጠላና እንጀራ በማቅረብ ተራቸውን ይከፍላሉ።

የዚያን ዓመት ጥቅምት ገብሱ ያማረ ነበር። እማ ባንቺ ግን ከሁሉ ይልቅ ጨንቋቸዋል። አምና ውርጭ መትቶባቸው ለዘር እንኳ የሚሆን አልቀረላቸውም፤ ዓመቱን የከረሙት በድንችና በጎረቤት ደግነት ነው። አሁን ደግሞ የእሳቸው ማሳ ቀድሞ ደርሶ ዘለላው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ተራቸው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ማዶ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ሞቱ ተባለና ወንፈሉ ሁሉ ለቀብር ወጣ። ዓርብ ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ ነው። ቅዳሜ ተክለ ሃይማኖት፣ በዚያውም ቀዳሚት ሰንበት። እሑድ ሰንበት። ማጭድ የሚነሣው ሰኞ ነው ማለት ነው።

ከተማ ላደገ አንባቢ ይህ ግራ ሊሆንበት ይችላል። በእኛ አገር ወሩ የሚቆጠረው በቅዱሳን ነው። "አሥራ ዘጠኝ" አይባልም፤ "ገብርኤል" ነው የሚባለው። ሰንበቶቹ ሲጨመሩ ከወሩ ግማሽ ያህሉ በሬ የማይጠመድበት፣ ማጭድ የማይነሣበት ነው። ይህን በክፋት አላነሣውም። በሬው የሚያርፈው በበዓል ነው። የተጣላ የሚታረቀው፣ ድሃ ጠግቦ የሚውለው፣ ልጃገረድ የምትታጨው በበዓል ነው። ግን ደግሞ ከዚያው ጋር አብሮ የኖረ አንድ እምነት አለ፤ በዓል የሻረ ሰው በረዶ ይጠራል ይባላል። እሱ ብቻ አይደለም የሚመታው፤ አገር ነው።

ዓርብ ጠዋት ኪዳን አድርሰን ስንወጣ እማ ባንቺ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቁኝ። አብረን ቁልቁል ወረድን። የጉና አናት አይታይም፤ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ደመና ተጭኖታል። ማሳቸው ዳር ስንደርስ ቆሙና ካቡ ላይ ተቀመጡ። እኔም ቆምኩ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ" አሉ። "ዛሬ ብቻዬን ትንሽ ባጭድ ኃጢአት ነው?"

ሰማዩን አየሁ፤ ገብሱን አየሁ። ከዚያ እንደ አስተማሪ ሆኜ ወንጌሉን ነገርኳቸው። ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት ቀን በእርሻ መካከል ሲያልፉ ርቧቸው እሸት እየቀጠፉ መብላታቸውን፣ ፈሪሳውያን ሲከሷቸው ጌታ ስለ እነሱ መከራከሩን፣ ዳዊትም በተራበ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ኅብስት መብላቱን አንድ በአንድ አወራሁላቸው። ወርኃዊ በዓላት ቅዱሳኑን የምናስብባቸው ቀናት እንጂ እንደ ሰንበት በሕግ የታሰሩ አለመሆናቸውንም ጨመርኩላቸው።

በትኩረት አዳመጡኝ። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምተውት እንደሆነ እንጃ፤ በግእዝ ሲነበብ ስንት ጊዜ ቆመው ሰምተውታል፤ በአማርኛ የነገራቸው ግን አልነበረም መሰለኝ።

"በሰንበት ነው?" አሉ።

"በሰንበት።"

"ርቧቸው?"

"አዎ፣ ርቧቸው።"

ወደ ሰፈሩ አሻግረው አዩና፣ "ሰዉስ?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ያን ቃል የተናገርኩት። ማንም አላስገደደኝም። "ይጨዱ እናቴ። ኃጢአት ካለበት በእኔ ይሁን" አልኳቸው።

ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝና ማጭድ ሊያመጡ ሄዱ። እኔ አብሬያቸው አልቆየሁም። ነጭ ለብሻለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር አለን፤ የዚያ ወር ተረኛ ደምለው ነበር። ደምለው የሰባት ልጆች አባት፣ ጠንካራ ገበሬ፣ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። ቤቱ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ስለሆነ ከደጁ ሆኖ ሰፈሩ ሁሉ ይታያል። ጸሎት አድርሰን፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው እየዞረ ሳለ አንዱ ወደ ውጭ እያየ "ያቺ ማን ናት የምታጭደው?" አለ።

ሁሉም ዘወር አለ። በቢጫው ማሳ መካከል አንድ ነጭ ጎንበስ ቀና ይላል። ደምለው ለረጅም ጊዜ አየና "እማ ባንቺ ናቸው። ምነው፣ ምን ነካቸው?" አለ። በቁጣ አልነበረም፤ በማዘን ነው ያለው። ሌሎቹ ብቸኝነት ነው፣ እርጅና ነው ተባባሉ። "እኔ ነኝ ይጨዱ ያልኳቸው" ብል ያኔ ክርክር ብቻ ነበር የሚነሣው። ጽዋው እኔ ጋ ደረሰ፤ ተቀብዬ ጠጣሁ።

ሲመሽ እማ ባንቺ ማሳውን ጨርሰው፣ ነዶውን ተሸክመው ደጃቸው ከምረው፣ አሮጌ ሸራ አልብሰውት ነበር። ብቻቸውን፣ በዚያ ዕድሜ፣ በአንድ ቀን። ምን ያህል ቢፈሩ እንደሆነ አስቡት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረዶው መጣ። መጀመሪያ ነፋስ ነበር፤ ከዚያ ሽምብራ የሚያህል፤ ከዚያ ሎሚ የሚያህል። የቤቴ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እኔና ሚስቴ አበባ እየተያየን መነጋገር አልቻልንም። ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሲያባራ ስወጣ አገሩ ነጭ ነው። የቆመ ገብስ አልነበረም። ዘለላው ከአገዳው ተቆርጦ ከበረዶው ጋር ተለውሷል። የእኔም ማሳ እንደዚያው። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ በየማሳው ዳር ቆመ፤ የሚያለቅስ እንኳ አልነበረም። ደምለው ጎንበስ ብሎ ከበረዶው ጋር አንድ እፍኝ ዘለላ አነሣና ይዞት ቆመ። እጁ ከቅዝቃዜው ብዛት ሲቀላ ይታየኛል፤ አይጥለውም።

በሰፈሩ ውስጥ ሳይመታ የቀረ አንድ ክምር ብቻ ነበር። ሁሉም ያየዋል፤ እርጥብ ሸራ ለብሶ እማ ባንቺ ደጅ ቆሟል። ማንም ስለ እሱ አልተናገረም። ያ ዝምታ ከበረዶው ይልቅ አስፈራኝ።

ማታ አበባ "ሄደህ አታያቸውም?" አለችኝ። ነገ አልኳት።

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ አባ ይኄይስ ሕዝቡ እንዳይበተን አዘዙ። ጽዶቹ ሥር ተቀመጥን። እማ ባንቺን ሴቶቹ ከተቀመጡበት አስነሥተው መካከል አቆሟቸው። ነጠላቸውን አደግድገው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ነገሩን ያነሣው ደምለው ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠርቶ ለእያንዳንዳቸው እስከ መጪው ዓመት ምን እንደሚያበላቸው ጠየቀ፤ ማንንም አይደለም የጠየቀው፤ ዝም ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወደ እማ ባንቺ ዞረ። ከልጅነቱ ጀምሮ በአንቱታ ነው የሚጠራቸው። ያን ቀን ግን አንቺ አላቸው።

"አንቺ፣ ጊዮርጊስን ንቀሽ ነው ወይስ እኛን?"

አንድ ሽማግሌ ለመከላከል ሞከሩ። ጊዮርጊስ ቢቆጣ ኖሮ የሚመታው የእሷን አልነበረም ወይ፣ የእሷ ድኖ የእኛ ለምን ጠፋ አሉ። ሰዉ ትንሽ አመነታ። ደምለው ግን "ሰይጣን የራሱን ያተርፋል" አለና ነገሩ ተመልሶ ጠነከረ። የዳነው ክምር ለንጽሕናቸው ምስክር ሊሆን ይችል ነበር፤ በአንዲት ቃል የወንጀላቸው ማስረጃ ሆነ።

አባ ይኄይስ ዝግ ብለው ጠየቋቸው። በዓል መሆኑን ያውቁ እንደነበር፣ ማን እንዳገዛቸው፣ ከማን ጋር ተማክረው እንደነበር ጠየቁ።

ተቀምጬ ከነበርኩበት ፊታቸው ይታየኛል። ወደ እኔ አልዞሩም። አንድ ጊዜ እንኳ ዓይናቸውን ወደ እኔ አልላኩም።

"ማንንም አላማከርኩም አባ። ሰማዩን አይቼ ነው" አሉ።

አባ ይኄይስ ወደ እኔ ዞሩ። "ዲያቆን፣ አንተ አንብበሃል። መጽሐፉ ስለ በዓል ምን ይላል?"

እነሆ፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከሁለት ቀን በፊት ካቡ ላይ ለአንዲት ሴት በነፃነት ያወራሁት ታሪክ አፌ ውስጥ ነበር። ማስረዳት እችል ነበር። ነገር ግን ምስክርነቴ በዚያው ሳምንት ሊፈረም ነው። የደምለውን ዓይን አየሁ፤ ልጆቹን ቆጠርኩ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ወንጌል ሳይሆን ሰው ነው የሚፈልጉት፤ አንድም እሷ፣ አንድም እኔ አልኩ በልቤ።

ተነሣሁና "በዓል ማክበር የአባቶች ሥርዓት ነው። ሥርዓት ያፈረሰ ንስሐ ይገባል" አልኩ። ተቀመጥኩ።

ከተናገርኩት ውስጥ አንድ ቃል ሐሰት አልነበረበትም። ማንም ዋሽተሃል ብሎ ሊከሰኝ አይችልም። ይህን ሳስብ ይብስ ያመኛል።

የተፈረደው ይህ ነው፤ ንስሐቸውን እስኪጨርሱ ከጎረቤት እሳት እንዳይጫርላቸው፣ ወንፈል እንዳይወጣላቸው፣ ከሴቶቹ ማኅበር እንዲወጡ፣ ያ ክምር ላይ ለውቂያ የማንም በሬ እንዳይሄድበት። እማ ባንቺ ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ብሞትስ ከውብሸት ጎን እቀበራለሁ?" አሉ። አባ ይኄይስ እስከዚያ እግዚአብሔር ያውቃል ብለው መስቀሉን ዘረጉላቸው። ተሳለሙና ሄዱ።

ሕዝቡ ሲበተን እኔ ልብሰ ተክህኖ ለማስቀመጥ ዕቃ ቤት ገባሁ። አባ ይኄይስ ተከትለውኝ ገቡ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ዳዊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሩን ዘጉና "የእሸቱን ነገር ለምን አላነሣህም?" አሉኝ።

ደነገጥኩ። "እርስዎስ?" አልኳቸው።

"እኔማ ሆን ብዬ ነው" አሉ። "ልጄ፣ በረዶ የመታው ሰው የሚጠላው ይፈልጋል። ባንቺአየሁን ካልጠላ እግዚአብሔርን ነው የሚጠላው። እሷ ትችለዋለች፤ የደምለው እምነት ግን ተሰብሮ አይጠገንም። ጊዜ ሲያልፍ በንስሐ እንመልሳታለን።" ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉ። "አንተ ግን በሌላ ምክንያት ነው ዝም ያልከው አይደል?"

መልሴን ሳይጠብቁ ምስክርነቱ ረቡዕ እንደሚፈረም ነግረውኝ ወጡ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ እማ ባንቺ ቤት ሄድኩ። ምን ልላቸው እንዳሰብኩ አላስታውስም። በሩ ክፍት ነው። አንድ ጥቅል ልብስና አንዲት ድስት በአንሶላ ቋጥረው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ወደ የሺ፣ ወደ ሐሙሲት ሊሄዱ ነው። ደብረ ታቦር እስኪደርሱ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ።

"እማ ባንቺ፣ ለምን ስሜን አልጠሩም?" አልኩ። ከይቅርታ በፊት ይህ ነው ከአፌ የወጣው።

"ክርስትና ያነሣህ ውብሸት ነው። እሱ ቢኖር ስምህን ይጠራ ነበር?" አሉ። ቋጠሮውን እያጠበቁ ቆዩና ቀጠሉ። "ደግሞም ራስህ ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር።"

ተንበረከክሁ። እግራቸውን ለመሳም ጎንበስ ስል ወደ ኋላ አሉ።

"ሌሎቹ አያውቁም ልጄ። የማያውቅ ሰው ቢመታኝ እንደ በረዶ ነው፤ መትቶኝ ያልፋል። አንተ ግን ታውቅ ነበር።"

ቋጠሮውን ልሸከምላቸው ብል እምቢ አሉ። በሩን በገመድ አሰሩት። ትንሽ ሄደው ዞሩና ክምሩን በእጃቸው አሳዩኝ።

"ይህን ደምለው ይውሰደው። ሰባት ልጅ አለው" አሉ። "እኔ ነኝ ያልኩት በለው።"

ቁልቁል ወረዱ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ለደምለው ነገርኩት። መጀመሪያ የቀለድኩበት መስሎት አየኝ። "ለእኔ?" አለ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ። የሰይጣን እህል ቤቴ አይገባም አለ። አንድ ወር ሙሉ ክምሩን ማንም ሳይነካው ሰነበተ። ታኅሣሥ ላይ ልጆቹ ሲገረጡ፣ አንድ ቀን በሬዎቹን ነድቶ መጣና ወቃው። በዓል ያልሆነበት ቀን መርጦ ነው። ከፊሉን ለልጆቹ አበላ፤ የቀረውን በቁና እየሰፈረ ለሰፈሩ ዘር አከፋፈለ፤ ለእኔም ደርሶኛል። ዘራሁት። ዛሬ ያ ሰፈር የሚያበቅለው ገብስ ያው ነው። የጊዮርጊስ ጽዋ ጠላ የሚጠመቀውም ከእሱ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሣውም።

አባ ይኄይስ "በንስሐ እንመልሳታለን" ያሉት ጊዜ አልደረሰም። እኔም ሐሙሲት ልሂድ እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ምስክርነቱ ቢፈረምም ጳጳሱ መንገድ በመሄዳቸው ቅስናው ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ከደብረ ታቦር የመጣ ሰው እማ ባንቺ ማረፋቸውን ነገረን።

ስደርስ ቀብሩ አልፏል። የሺ አላወቀችኝም፤ ስሜን ስነግራት ወንበር ሰጠችኝ። ሳንባቸውን ታመው እንደነበር፣ ጥቂት ቀን ብቻ ተኝተው እንዳረፉ አወራችኝ። የሐሙሲት ሙቀት እንዳልተስማማቸው፣ በየወሩ ሃያ ሦስት ግን አንድ ቀን ሳያስታጉሉ ከሥራ ታቅበው ቤተ ክርስቲያን ይውሉ እንደነበር ነገረችኝ። በመጨረሻ፣ አፍሬ አፍሬ፣ ስለ እኔ የተናገሩት ነገር እንዳለ ጠየቅኋት።

አሰበችና "ክፉ አልተናገረችም" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ስላንተ ምንም አልተናገረችም" አለችኝ።

በሚቀጥለው ወር ሃያ ሦስት፣ ኪዳን እንደወጣ፣ እዚያው ጽዶቹ ሥር ሰዉን አስቁሜ ሁሉን ተናገርኩ። ካቡ ላይ ያልኩትን፣ "በእኔ ይሁን" ማለቴን፣ እሑድ ዝም ማለቴን። እንዲያባርሩኝ ጠብቄ ነበር። እሳት እንዳይጫርልኝ ቢሉ እቀበል ነበር። ደምለው መሬት መሬት እያየ "አሁን ምን ይሠራል" አለ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ወጣት ነው፣ ሰው ነው፣ ጴጥሮስም ክዶ ተመልሷል አሉ። ሌላው ደፍሮ መናገሩ ራሱ ንስሐ ነው አለ። አባ ይኄይስ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። በዚያው ቀን ጽዋ ላይ አብረን ተቀምጠን ነበር።

ቅስናውን አልተቀበልኩም። አሁን ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እምነቴን አልተውኩም፤ በዓላትንም አከብራለሁ። የምኖርባት ከተማ ራሷ ስሟ ከዚያ ጌታ ብርሃኑን ገለጠበት ከሚባለው ተራራ የመጣ ነው። ቡሄ ሲደርስ ልጆች ደጄ ላይ ሲጨፍሩ ሙልሙል እሰጣቸዋለሁ። ወንጌሉ ስለ ሙልሙል አንድ ቃል አይናገርም፤ ያን የጨመሩት አባቶቻችን ናቸው፤ ደግ አደረጉ። ከመጽሐፉ ጥቂት መስመር ተቀብለው ለልጅ የሚደርስ ዳቦ አደረጉት። በረዶንና ጊዮርጊስን ያገናኙትም እነዚያው አባቶች ናቸው። ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነገር አንዱ ዳቦ ሆነ፣ ሌላው ድንጋይ። ሁለቱን ለይቶ ለሕዝብ እንዲናገር ነው እኔን የመሰለውን ሰው አገር ያስተማረው፣ በሶ ቋጥሮ የላከለት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ደምለውን ትወቅሱ ይሆናል፤ ወይም አባ ይኄይስን። እኔ ሁለቱንም መውቀስ አልቻልኩም። አንዱ አያውቅም ነበር፤ ሌላው ቢያንስ ያመነበት ምክንያት ነበረው። የእኔ ዝምታ ምክንያት እንኳ አልነበረውም፤ ፍርሃትና ስም ብቻ።

ከዚያም የባሰ አለ። በጊዮርጊስ ቀን ገብሷን ያጨደችን አንዲት መበለት ሳትመለስ እስክትሞት ይቅር አላሏትም። እሷን እንድታጭድ የመከራትን፣ ኋላም የካዳትን ሰው ግን ዲያቆን ነውና፣ ወንድ ነውና፣ ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ይቅር አሉት። ያን ቀን ተነሥቼ "ለእሷስ?" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጽዋው ዞሮ ሲደርሰኝ እንደገና ተቀብዬ ጠጣሁ።